ምላጭ የያዘ እጅ

ረቡዕ

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ «በየቀኑ ይጻፉ፣ የፈለጉትን ይጻፉ፣ ለእጅዎ ጥሩ ነው» ስላለችኝ ይህን ደብተር ገዛሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከስልክ ቁጥር በስተቀር የጻፍኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ለማንኛውም ትእዛዝ ነው፣ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዲስ የገዛትን አሮጌ መኪና ሊያሳየኝ ከጎኑ አስቀምጦኝ ወጣን። የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን፣ እሱ ስለ ሞተሩ ጥንካሬ እየደሰኮረ ሳለ አንድ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨን። እንዳለውም ሞተሩ ምንም አልሆነ፤ የተጨማደደው የኋላው ነው። እኔ ቀኝ እጄን ከፊቴ ዳሽቦርዱ ላይ ደግፌ ነበርና አንጓዬ ተሰበረ። «ጋሼ፣ ሞተሩን ግን ሰማኸው አይደል?» ያለኝ አምቡላንስ ውስጥ ነው።

በጀሶ ከረምኩ። ጀሶው ከወጣ ጥቂት ቀን ሆነው። የዳቦው ሹፌር ጥፋቱን አምኗል፤ ስለዚህ የሱ ኢንሹራንስ የሕክምናዬን ይከፍላል፣ ሥራ እስክጀምር ድረስ የሚቀርብኝንም ገቢ ይተካል። ሁሉም በደንቡ እየሄደ ነው።

እጄ ደህና ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝና ስለ እጅ አውቃለሁ። እኔ ምላጭ መያዝ የተማርኩት በሰው ጉንጭ ላይ አይደለም፣ በፊኛ ላይ ነው። ያስተማረኝ ሰውዬ ፊኛ ይነፋና አረፋ ለቅልቆ «በል ላጨው» ይለኛል። ቆዳው ከተነካ ይፈነዳና አረፋው ፊትህ ላይ ነው። ምስጢሩ ያለው ትንሿ ጣት ላይ ነው፤ እሷ የምትደገፍበት ካገኘች ሌሎቹ ጣቶች ቀጥ ይላሉ። አንድም ሳላፈነዳ ላጭቼ የጨረስኩ ቀን የራሴን ወንበር ሰጠኝ። በዚህ ሰፈር እንደኔ ምላጭ የሚይዝ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ሸሚዝ ስቆልፍ አረፈድኩ። የዘንድሮ ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሳሙና ነበረበት። ባለቤቴ ጠረገችው። እስክሪብቶውም የማይረባ ነው፣ መስመር አይጠብቅም። ሌላ እገዛለሁ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ባለቤቴ አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ስለምትውል እቤት ስትገባ ብዙ አትናገርም፣ ትመለከታለች እንጂ። ሰሞኑን ደግሞ ሻይ መቆጠብ ጀምራለች። ለራሷ ሞልታ፣ ለኔ ግማሽ።

«ምነው፣ ሻይ ተወደደ እንዴ?» አልኳት።

«ካነሰህ እጨምርልሃለሁ።»

ትጨምርልኛለች፤ ግን እሱንም ግማሽ አድርጋ ነው። ሴቶች አንዳንዴ ምን እንደሚያስቡ አይገባኝም።

ከዚያ ደግሞ «የኢንሹራንሱ ሐኪም ሲያይህ የሚሰማህን ሁሉ ንገረው፣ አደራ» አለችኝ። ምን ይሰማኛል? ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይከብደኛል፤ የተሰበረ ነገር ደግሞ መክበዱ አይቀርም። ሐኪም ፊት ቆሞ የሚነጫነጭ ሰው ደግሞ ድሮም አልወድም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሱቅ ሄድኩ፤ ለመሥራት ሳይሆን ለመታየት። ሱቃችን ባለ ሁለት ወንበር ናት፣ አንዱ የኔ፣ ሌላው የሸሪኬ። ሸሪኬን ደንበኞች ዝምታ ይሉታል፣ አፉ ስለማይዘጋ ነው። የሰፈሩን ወሬ ከነትኩሱ ከሱ ትሰማለህ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ አንድ ባለ መነጽር ሰው ገባ። ፀጉሩ ከኋላ በደንብ አልተስተካከለም፣ አንዱ ጎን ከሌላው ወርዷል። ማን እንደሠራው ልጠይቀው ስል ከኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል መምጣቱን ነገረኝ። የገቢዬን ሁኔታ ሊያጣራ ነው።

«እጅዎ እንዴት ነው?»

«እጄማ ምን ይሆናል! ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ እጀምራለሁ» አልኩት። ቤቱ ውስጥ ደንበኞች ተቀምጠዋል። ሌላ ምን ልበለው? አንገቱን ለምላጭ የሚሰጥ ሰው ፊት «እጄ እንጃለት» የሚል ፀጉር አስተካካይ በዓለም ላይ ካለ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ።

ባለመነጽሩ ጽፎ ሄደ። ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ደንግጦ መሆን አለበት።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የኢንሹራንሱ ሐኪም አየኝ። ረጋ ያለ፣ ሽማግሌ፣ ጥሩ ሰው ነው። ጢሙን ራሱ እንደሚላጭ ከአገጩ ሥር ያመለጡትን ፀጉሮች አይቼ አወቅሁ።

አንጓዬን አጣመመ፣ ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከአውራ ጣቴ ጋር አገናኘሁ። ከዚያ «እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉና ያቆዩት» አለኝ። የጠረጴዛውን ጫፍ በትንሿ ጣቴ ነካ አድርጌ ዘረጋሁ፣ ሰው እጁን እንደሚዘረጋው። እንደ ሐውልት ነው የቆመው። ሐኪሙ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ብዕር ሰጥቶ አጻፈኝ፣ ጻፍኩ። ብዕሩ ከባድና ጥሩ ነበር፣ እንደኔ እስክሪብቶ አይደለም።

«ይንቀጠቀጣል? ይደነዝዝዎታል?»

«አልፎ አልፎ ጠዋት ላይ ይከብደኛል እንጂ ጤነኛ ነኝ።»

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ነገርከው?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። እጄን ይዛኝ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አልለቀቀችኝም። ልጅ የምታሻግር ይመስል! አውቶቡስ ውስጥም አልለቀቀችኝም።

ሰኞ

ባለመነጽሩ ደወለ። በሐኪሙ ውጤት መሠረት ለሥራ ብቁ ነኝ፤ ስለዚህ የገቢ ክፍያው ይቆማል፣ ፊዚዮቴራፒውም በዚህ ሳምንት ያበቃል።

አላልኩም? ድኛለሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ ስነግራት ድስቱን እያማሰለች ነበር። ማማሰሏን አላቆመችም። «እንግዲህ ጥሩ» አለች። ደስ ያላት ግን አትመስልም።

ቅዳሜ

ሥራ ጀመርኩ! መቀሱም ቶንዶሱም ናፍቀውኝ ነበር። ሦስት አራት ፀጉር ያለ ችግር ሠራሁ። እጄ መንገዱን አልረሳም።

ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡት መምህር መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጢማቸውን የሚላጩት እኔ ዘንድ ነው፤ ሌላ ሰው ነክቷቸው አያውቅም። ጉንጫቸውን እንደ ድሮው አጸዳሁት። ከጆሯቸው ሥር፣ አንገታቸው ጋ ስደርስ ትንሽ ነካኋቸው። ትንሽ ናት። ተንቀሳቅሰው መሆን አለበት። አረፋውም ቀጥኖ ነበር። የደም ማቆሚያውን አደረግኩላቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኩ።

«ምንም አይደለም ልጄ፣ ምንም አይደለም» አሉኝ። እንደ ወትሮው ከፍለው፣ ቀልደው ወጡ። ቀልዱ ግን የወትሮው አልነበረም። ሳያስቅ ራሳቸው ሳቁበት።

ተንቀሳቅሰው ነው።

ማክሰኞ

ሥራ። ደህና ነው። ምላጭ የሚፈልግ ደንበኛ አልመጣም። ገበያው ወደ ፀጉር አዘንብሏል።

ሐሙስ

አሁንም ምላጭ የለም። ዝምታ ግን ሦስት ሰው ላጨ። ሁሉም እኔ ምሳ ስወጣ ነው የመጡት። ይገርማል።

ቅዳሜ፣ ማታ

መምህሩ ዛሬ መጡ። ሰላም አሉኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ዝምታ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ወንበሬ ባዶ ነበር። ባዶ ወንበሬ አጠገብ ፎጣ ይዤ ቆሜአለሁ። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየንና እሳቸው መጀመሪያ አቀረቀሩ።

ፎጣ ላመጣ መስዬ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። እዚያ ሆኜ ዝምታ ለሌላ ደንበኛ በሹክሹክታ ሲናገር ሰማሁት።

«ምላጭ ከሆነ ወደኔ ና። ፀጉር ከሆነ እሱን የሚያህል የለም፣ እሱ ጋ ተቀመጥ። ስለ እጁ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፣ አደራ።»

ሰውዬውም «ኧረ ሁላችንም እናውቃለን» አለው።

ሁላችንም! ለካ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ዝምታ፣ የጎረቤቱን ፍቺ ከጎረቤቱ በፊት ለሰፈሩ የሚያውጀው ዝምታ፣ ይቺን አንዲት ወሬ ይህን ያህል ጊዜ በሆዱ ይዟታል። በሱ መናደድ አማረኝ፣ አልቻልኩም። ፎጣ አጣጥፌ፣ ፈትቼ፣ እንደገና አጣጥፌ ወጣሁ። አፈርኩ። ይህን ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ጥያለሁ። ጥፋቱ የእስክሪብቶው አይደለም፤ ስገዛ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

ሰኞ

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝን ልጅ ለመሰናበት ሄድኩ። ማመስገን ተገቢ ነው። ቁጭ ብለን ስናወራ «እስኪ ምላጭ እንዴት እንደሚይዙ ያሳዩኝ» አለችና ማበጠሪያ ሰጠችኝ። በአየር ላይ አሳየኋት። ሳላስበው ትንሿ ጣቴ የወንበሩን ክንድ ፈልጋ አገኘችና ተደገፈች።

«አሁን ትንሿን ጣት ያንሷት።»

አነሣኋት። ማበጠሪያው በነፋስ እንደተመታ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም አየነው።

«የኢንሹራንሱ ሐኪም ሲያይዎትም እንዲህ ደግፈዋት ነበር?»

«ታዲያ የት ላድርጋት? ዕድሜዬን ሙሉ የምትቀመጠው እዚያ ነው!»

ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሰውዬውን ላታልለው አስቤ አልነበረም። እጄ ራሷ ናት ያታለለችው፣ ያውም ለኔ አስባ! ነርቩ ገና እንዳላገገመ፣ ፊዚዮቴራፒው አሁን ከተቋረጠ እንደዚሁ ሊቀር እንደሚችል ነገረችኝ። ከቀጠለ ግን ተስፋ አለው አለች፣ «ጥሩ ተስፋ» አለች። ሁለቴ አስደገምኳት።

ማታ

ለባለቤቴ ነገርኳት። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩ፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ከአፌ ማውጣት ከባድ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ብርጭቆዬን አየች። ግማሽ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሞልታ ብትቀዳልኝ ይፈሳል፤ ቢፈስ አፍራለሁ፤ እንዳላፍር ያን ሁሉ ጊዜ ስትሳሳልኝ እንደ ቋጣሪ ሳማት ኖርኩ። እንደ ዛሬ ራሴን ታዝቤው አላውቅም።

ረቡዕ

ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። ባለመነጽሩ በትሕትና አዳመጠኝ።

«ክፍያ የተቋረጠበት ሰው ሁሉ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ብዙ አይቷል። «እርስዎ ራስዎ፣ ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ እጀምራለሁ ብለውኛል። ሐኪሙም ፈርሟል። እንደገና እንዲያይዎት ማድረግ እችላለሁ፤ ግን ችግሩ ሥራዎን መከልከሉን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። የሥራ ባልደረባ ይምጣ፣ ደንበኛ ይምጣ።»

ደንበኛ! ማለትም እጄ ምላጭ መያዝ እንደማይችል ደንበኛዬ በአደባባይ ይመስክር። ካሳውን ባገኝ ስሜን አጣለሁ፣ ስሜን ባቆይ እጄን አጣለሁ። መንገዱን በእግሬ ተመለስኩ፣ ለማሰብ ብዬ። ወሰንኩ። ስሜማ ከመጋረጃው ጀርባ ካለቀች ሰነበተች።

ዓርብ

መምህሩ ቤት ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ሻርፓቸውን አነሡና የአንገታቸውን ጠባሳ አሳዩኝ።

«ይቺን ፈልገህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስከዛሬ ለምን አልመጣህም? ስንት ዘመን አንገቴን ሰጥቼህ ኖሬ አፌን ልነፍግህ ነው?» አሉኝ። እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም።

ባለቤቴ ደግሞ ማታ ከትምህርት ቤቱ የበዓል ዝግጅት የተረፉ ፊኛዎች ይዛ መጣች። «ያ የልጅነትህ ታሪክ» አለችኝ፣ «ሐኪሙ ፊት ብታሳያቸውስ?»

ይቺን ሴት ያገባሁት መልኳን አይቼ ነበር። አእምሮዋ ምርቃት ነው።

ማክሰኞ፣ ማታ፣ ረጋ ብዬ

ዛሬን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ሐኪሙ፣ ባለመነጽሩ፣ መምህሩ፣ ባለቤቴና እኔ፤ ክፍሏ ጠባብ ናት። በመጀመሪያ እጄን ዘረጋሁ፣ ትንሿ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ። ቀጥ አለ። ከዚያ አነሣኋት። ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየው። «በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ ጌታዬ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ለማን ልናገር?»

ሐኪሙ ቀና ሰው ነው። «ማየት ነበረብኝ» አለ። ባለመነጽሩ ግን ሥራውን ሠራ። «መንቀጥቀጡን አየን። ምላጭ ለመጠቀም ግን ጣትዎን ሁልጊዜ የሚደግፉ ከሆነ ሥራዎን የሚከለክልዎ ምንድን ነው?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፊኛውን አወጣሁ። ባለቤቴ ነፍታ አሰረችው። ቀደም ብላ በማርከር ዓይን፣ አፍንጫና ጢም ሥላበታለች፣ መነጽርም ጨምራለታለች። ባለመነጽሩ አየና ሳል ያዘው። አረፋውን ለቀለቅኩ፣ ምላጬን አወጣሁ፣ መምህሩ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ።

ጉንጩን ጀመርኩ። ትንሿ ጣቴን ፊኛው ላይ አሳረፍኩና ሳብ። ጥርት አለ። ሌላውን ጉንጭ። ጥርት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ፊኛው መፈንዳት ነበረበት። ካልፈነዳ ካሳ የለም፣ ሕክምና የለም፣ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ጫን ብል ይፈነዳል፣ ማንም አያውቅብኝም። ግን አልቻልኩም። ምላጭ እጄ ገብቶ እያወቅሁ ማጥፋት አልሆንልህ አለኝ። ኢንሹራንሱንም፣ ባለመነጽሩንም ረሳሁና ያ የጥንቱ ፈተና መጣብኝ፤ አንዳች ሳላስቀር ልጨርሰው ፈለግሁ። አገጩን አለፍኩ። «ይሄ ሰውዬ ሊጨርሰው ነው እንዴ!» አሉ መምህሩ በጭንቀት።

ከሥር፣ አንገቱ ጋ ደረስኩ። እዚያ ፊኛው ይጠብና ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትንሿ ጣት የምትደገፍበት የላትም። ያን ቅዳሜ መምህሩ እንዳልተንቀሳቀሱ ያን ጊዜ አወቅኩ። ጣቴ አየር ላይ ቀረች። እጄ እንድትጸና ለመንኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

ፈነዳ።

አረፋው ሁላችንም ላይ ነው። የሐኪሙ ቅንድብ ላይ፣ የባለመነጽሩ መነጽር ላይ፣ የባለቤቴ ሻርፕ ላይ። እኔ ምላጩን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ልጅ ሆኜ ፊኛ ሳፈነዳ እንደማለቅሰው። ያሸነፍኩ መሆኔ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

ባለመነጽሩ መነጽሩን እየጠረገ «ይህን እንዴት ነው ሪፖርት ላይ የምጽፈው?» አለ።

ሐኪሙ «እኔ እጽፈዋለሁ» አለው።

መምህሩ አንገታቸውን ዳበስ አድርገው «የኔ ምስክርነትማ አላስፈለገም፣ ሻርፔን በከንቱ ነው ያወለቅኩት» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ሐሙስ

ተፈቀደ። ፊዚዮቴራፒው ሐኪሙ በቃ እስኪል ይቀጥላል። ምላጭ ባለመያዜ የሚቀርብኝንም ይተካሉ፤ የፀጉሩን ሥራ ግን መሥራት እችላለሁ። ዝምታ ዜናውን ሲሰማ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ ለመንገደኛው ሁሉ አወራ። ያፈነውን ሁሉ በአንድ ቀን ተነፈሰው። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይልቅ የፊኛውን ነገር ከአፌ ለመስማት የመጣው ሰው ፀጉሩን ሳይቆረጥ አይሄድም።

ባለመነጽሩም መጣ። ያ ከኋላ የወረደው ፀጉሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አስተካከልኩለት።

እሑድ

ከቁርስ በፊት አንድ ፊኛ ላጨሁ። የጧት ሥራዬ ሆኗል። ጉንጭና አገጭ አለፍኩ፣ አንገቱ ላይ ፈነዳ፤ ግን ካለፈው ሳምንት ራቅ ብሎ ነው። የእጄ ፊዚዮቴራፒ ይህ ነው፣ ልጅቷም ፈቅዳልኛለች። አንድ ቀን ሳላፈነዳ እጨርሰዋለሁ። ለዚህ ጥርጥር የለኝም።

ባለቤቴ ሻይ ቀዳች። ለራሷ ቀዳች፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ወደኔ አዞረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ይበቃል ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አላቆመችም፣ እስከ ጠርዙ ሞላችው። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠችና የራሷን መጠጣት ጀመረች፣ ወደኔ ሳታይ።

አነሣሁት። ትንሽ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣሁት።